ሹፌሩ ምሳውን የሚበላባት ከተማ

በአጣዬ ለተሰበሰበ ሕዝብ የተደረገ ንግግር፤ ለኅትመት ተስተካክሎ የቀረበ

ሱቃችሁን ዘግታችሁ፣ ጉልታችሁን ለጎረቤት አደራ ብላችሁ የተገኛችሁ ነጋዴዎች፤ ነጋዴ ግማሽ ቀኑን ሲሰጥ ምን እንደሚሰጥ አውቃለሁ። እናቴ ጉልት ተቀምጣ ሽንኩርትና በርበሬ እየሸጠች ያሳደገችኝ ልጅ ነኝና፣ የሰጣችሁኝን ሰዓት የምመዝነው በእሷ ሚዛን ነው።

የተጠራሁበት ጉዳይ አጭር ጥያቄ ነው። አንድ እጩ ተወዳዳሪ ከፊታችን ቆሞ «የከተማዋን መሐል ሰላም አደርጋለሁ፤ ንግዱንም መልሼ አቆማለሁ» ቢለን፣ ቃሉን በምን እንመዝነዋለን? ለማንም ፓርቲ ድምፅ ልለምን አልመጣሁም፤ ማንንም ላስጠላም አልመጣሁም። ይዤ የመጣሁት አንድ አሳብ ነው። በአጣዬ ደኅንነትና ንግድ አንድ ቃል ኪዳን ናቸው፤ አንዱን ብቻ ልስጣችሁ የሚል ሰው አንዱንም አይሰጠንም። ይህን ለማስረዳት በመጀመሪያ የከተማዋ መሐል ምን እንደሆነና ሲቃጠል ምን እንደጠፋ እናገራለሁ። ከዚያ «ጸጥታ» በምንለው ቃል ላይ ትንሽ እቆያለሁ። ቀጥሎ ወደ ጎረቤቶቻችን እሻገራለሁ፤ በመጨረሻም አንድ የአካባቢ ተመራጭ በእጁ ምን እንዳለና ምን እንደሌለ እናያለን።

ከመንገዱ ልጀምር። አጣዬን ከተማ ያደረጋት መንገዱ ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ደብረ ብርሃንን ያለፈ መኪና የጣርማ በርን ዋሻ ወጥቶ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል፤ በአርማንያ አድርጎ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ብርዱን ጥሎ ቆላ ገብቷል፤ ጀውሃንና ሰንበቴን አልፎ፣ 270 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆነው፣ እኛ ጋ ይደርሳል። ከእኛ በኋላ ካራቆሬ፣ ከሚሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ደሴ ይቀጥላሉ። ታላላቆቻችን ከተማዋን ኤፌሶን ብለው ሲጠሯትም ኑሮዋ ይኸው መንገድ ነበር። ከምዕራብ የመንዝ ደገኛ ገብሱን፣ ባቄላውንና በጉን ይዞ ይወርዳል። ከምሥራቅ የአፋር አርብቶ አደር ፍየሉንና ግመሉን እየነዳ ይመጣል። በመካከሉ የይፋት ገበሬ፣ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባው፣ ማሽላውን፣ ጤፉን፣ ማሾውንና ሽንኩርቱን ለገበያ ያወጣል። ደጋና ቆላ በሚገናኙበት ቦታ ላይ ዋና መንገድ ሲያልፍበት ከተማ ይበቅላል፤ ሌላ ምክንያት አያስፈልገውም።

ልጅ ሳለሁ የከተማዋን ጤንነት የምናውቅበት አንድ ምልክት ነበረን፤ የደሴ አውቶቡስ ሹፌር ምሳውን የት እንደሚበላ። ነገሩ ተራ ይመስላል። ግን አስቡት። ሹፌሩ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ይዟል፤ ጣሪያው ላይ የሰው ሻንጣና ጆንያ አለ። እዚህ ለግማሽ ሰዓት ሊያቆም ሲወስን ብዙ ነገር አምኗል ማለት ነው። ዕቃው እንደማይነካ አምኗል። ተሳፋሪዋ ሽንት ቤት ፍለጋ ከአስፋልቱ ገባ ብላ በደኅና እንደምትመለስ አምኗል። ከፊቱ ያለው መንገድ ከምሳ በኋላም ክፍት ሆኖ እንደሚጠብቀው አምኗል። እሱ ሲያቆም ምግብ ቤቷ ከጉልቷ ሽንኩርት ትገዛለች፤ ጎሚስታው ጎማ ይመታል፤ ልጆች ፓፓያና ሎሚ ይዘው መስኮት ሥር ይሯሯጣሉ፤ የመሸበት ደግሞ አልጋ ይይዛል። ሹፌሩ እግሩን ከነዳጁ ሳያነሣ ካለፈ ግን ይህ ሁሉ አብሮት ያልፋል። ለዚህ ነው ስለ ከተማችን ሰላም የሚወጣ መግለጫ ስሰማ ከመግለጫው ይልቅ ዓይኔ ወደ ምግብ ቤቶቹ በር የሚሄደው።

ከመጋቢት 2011 ጀምሮ ምን እንደደረሰ ለእናንተ መንገር ለቁስለኛ ቁስሉን እንደማሳየት ነው። ቢሆንም ይህ ንግግር ታትሞ ሌላ ቦታ ሊነበብ ይችላልና ባጭሩ ልበለው። በዚያ ወር ማብቂያ ከተማዋና አካባቢዋ ተመቱ። በመጋቢት 2013 ግጭቱ በሰፊው ተመልሶ መጣ፤ በዚያ ወር በሰሜን ሸዋና በኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ከ300 በላይ ሰዎች እንደሞቱ የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ገልጿል። ከወር በኋላ፣ ሚያዝያ 8 ቀን 2013፣ እሳቱ የከተማዋን መሐል በላው። ነዋሪው ወደ መንዝና ወደ ደብረ ብርሃን ተሰደደ፤ በቀናት ውስጥ አካባቢው በኮማንድ ፖስት ሥር ገባ። በኅዳር 2014 የሰሜኑ ጦርነት በዚሁ መንገድ ወርዶ ሸዋ ሮቢትንም አዳረሰ። በጥር 2015 አጣዬ እንደገና ተኩስ ሰማች። በዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ ደግሞ በመላው የአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። አንድ ልጅ አንደኛ ክፍል ገብቶ አምስተኛ እስኪደርስ ባለው ጊዜ የሆነ ነው። የሞቱት ሁሉ፣ በየትኛውም ቤት የተለቀሰላቸው፣ ነፍሳቸውን ይማር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ሱቅ ሲቃጠል የሚታየው ጥቀርሻው ነው፤ የተጣመመው ቆርቆሮ፣ የቀለጠው ላሜራ በር። የጉዳት ኮሚቴ መጥቶ የሚቆጥረውም ይህንኑ ነው። እኔ ግን የማይቆጠረው ይበልጥ ያሳስበኛል። ከቆጣሪው ሥር የነበረው የዱቤ ደብተር ተቃጥሏል። የእኛ አገር ንግድ በባንክ ገንዘብ ብቻ የሚሄድ አይደለም። የኮምቦልቻው ወይም የመርካቶው ጅምላ ነጋዴ ለአጣዬው ሰው ሸቀጡን በዱቤ ይሰጣል፤ የአጣዬው ለገጠሩ ቸርቻሪ በዱቤ ያሳልፋል፤ ቸርቻሪው ደግሞ ለገበሬው «ማሾህ ሲደርስ» ይለዋል። ይህ ከመርካቶ እስከ ጎጆ የሚደርስ የመተማመን ሰንሰለት ነው። የጻፈው እጅ ወይ ሞቷል ወይ ተሰድዷል፤ ደብተሩ አመድ ሆኗል። ማን ማንን ስንት ይጠይቅ? እሳቱ ከበረደ በኋላ ራሱ መጥቶ «ይህን ያህል አለብኝ» ያለ ገበሬ እንዳለ ከእናንተው ሰምቻለሁ። እንዲህ ያለ ሰው የከተማ መሠረት ነው። ነገር ግን ከተማን በደጋግ ሰዎች ትከሻ ላይ ብቻ ማቆም አይቻልም።

የባንኩም ጉዳይ አለ። ቤቱን አስይዞ የተበደረ ሰው ቤቱ ሲቃጠል ዕዳው አብሮ አይቃጠልም፤ ወለዱ ይቆጥራል። ኢንሹራንስ የገባውም ቢሆን ውሉን ሲያነብ መደበኛው የእሳት ዋስትና ጦርነትንና ሕዝባዊ ሁከትን እንደማይጨምር፣ ለዚያ ለብቻ መክፈል እንደነበረበት ያገኛል። በሰኔ 2012 መጨረሻ ሻሸመኔ ስትቃጠል የአትሌት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ሆቴል እንኳ ከእሳቱ አልተረፈም። ትልቅ ባለሀብት ሌላ ቦታ ያለው ሀብት ይደግፈዋል። ያለው አንድ ሱቅ ብቻ የሆነ ሰው ግን ወይ ከዜሮ ይጀምራል ወይ ከነአካቴው ይቀራል። ከዜሮ የጀመረውም እንደ ቀድሞው በብሎኬት አይሠራም፤ በቆርቆሮና በማገር ይሠራል፤ ቢነድም ብዙ እንዳይጎዳው። በብሎኬት የሚሠራ ሰው የልጁን ዘመን እያሰበ ይሠራል። በቆርቆሮ የሚሠራው የሚያስበው እስከ መጪው ክረምት ነው። ይህን ለውጥ በዓይኔ ሳይ እንደ አንድ ትልቅ ኪሳራ እቆጥረዋለሁ፤ በየትኛውም ሪፖርት ውስጥ ግን አላገኘሁትም።

አባቶቻችን ፍርስራሽ አያውቁም ማለቴ አይደለም። በ1953 የካራቆሬው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፍርሷት ነበር፤ ሰዉ እንደገና ሠራት። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። መሬት ሲንቀጠቀጥ የባለቤቱን ስም ጠይቆ ቤት አይመርጥም። ስለዚህ የፈረሰባቸው ሁሉ አንድ ላይ አለቀሱ፣ አንድ ላይም ማገር ተሸከሙ። ሰው ያቃጠለው ቤት ግን ሲሠራ ጎን ለጎን ጥያቄ ይቆማል፤ ማን አቃጠለው? ለምን የእኔን? ነገ ይመለስ ይሆን? ይህ ጥያቄ መልስ ሳያገኝ ቆርቆሮ ማደል መልሶ ማቋቋም ተብሎ ሊጠራ አይገባም።

ይህን ይዘን ወደ ሁለተኛው ነገር እንሻገር። በአማርኛችን ለደኅንነት ጉዳይ የምንጠቀምበት ቃል «ጸጥታ» ነው፤ የጸጥታ ጽሕፈት ቤት፣ የጸጥታ ኃይል፣ የጸጥታ ችግር እንላለን። ቃሉ ሥሩ ጸጥ ማለት ነው። እኔ ስለ ከተማ መሐል ሳስብ ይህ ቃል ያሳስተናል ብዬ እፈራለሁ። በሚያዝያ 2013 መጨረሻ አጣዬ ጸጥ ያለች ነበረች። ውሻ እንኳ አይጮኽባትም ነበር። ሰላም ነበረች ልንል ግን አንችልም። የከተማ መሐል በጤናው ጊዜ ይንጫጫል። ደላላ ይጣራል፣ ረዳት «ደሴ! ደሴ! አንድ ሰው!» ይላል፣ የባጃጅ ጡሩምባ፣ የወፍጮ ድምፅ፣ አዛንና ቅዳሴ ተከታትለው ይሰማሉ። ስለዚህ አንድ እጩ «ጸጥታ አሰፍናለሁ» ሲለኝ፣ «ጫጫታውንስ ትመልስልኛለህ?» ብዬ እጠይቀዋለሁ።

ይህን አሳብ በሌላ አገር በደንብ ያስረዳች ሴት ነበረች። ጄን ጄከብስ በ1961 እ.ኤ.አ. ስለ አሜሪካ ታላላቅ ከተሞች በጻፈችው መጽሐፍ የመንገድን ደኅንነት የሚጠብቀው በመጀመሪያ ፖሊስ እንዳልሆነ ተከራክራለች። ባለሱቁ ደጁ ላይ ቆሞ ያያል፤ አሮጊቷ በመስኮት ታያለች፤ አላፊ አግዳሚው ያያል። ዓይን የበዛበት መንገድ ለክፉ አድራጊ አይመችም። እሷ ኒውዮርክን እያየች የጻፈችውን የእኛ እናቶች ከጉልት ሆነው ሲሠሩት ኖረዋል። የማን ልጅ ከማን ጋር እንደሄደ፣ የትኛው እንግዳ ሦስት ጊዜ እንደተመላለሰ የምታውቀው የጉልቷ እናት ናት። ከዚህ የሚከተለውን ልብ በሉልኝ። ለጸጥታ ሲባል ጉልቱን ከአስፋልት ዳር ያነሣ፣ ሱቁን በጊዜ ያስዘጋ፣ ባጃጁን ያገደ አስተዳደር ለጊዜው ግድ ሆኖበት ይሆናል፤ ነገር ግን የከተማዋን ዓይኖች አንድ በአንድ እየዘጋ ነው። እገዳው በረዘመ ቁጥር ጨለማው ለሌላ ሰው ይመቻል።

ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ያለውንም ሰዓት አስቡ። ቆላ ነን፤ ቀን ይግላል፤ ሰው ዘና የሚለው፣ ገበያም የሚደራው በምሽት ነበር። አሁን ግን በ12 ሰዓት የሚዘጋው ሱቅ ብዙ ነው። ከምሽቱ 12 እስከ 3 ሰዓት ያሉት ሦስት ሰዓቶች የነጋዴው የትርፍ ሰዓቶች ነበሩ። የቀኑ ሽያጭ ኪራዩንና ግብሩን ይሸፍናል፤ የልጅ ትምህርትና የእቁብ ብር የሚወጣው ከምሽቱ ነው። እነዚህን ሦስት ሰዓቶች የሚመልስ እጩ ከማንኛውም የልማት ዕቅድ የበለጠ ይሰጠናል ብዬ አምናለሁ። የመንገድ መብራት ያስፈልጋል፤ የሚዘዋወር፣ በስሙ የምናውቀው ፖሊስ ያስፈልጋል። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ሰው ብቻውን ከፍቶ እንዳያመሽ ሱቆቹ ተስማምተው በአንድ መስመር እንዲያመሹ ማድረግ ያስፈልጋል። ይህ በጀት ሳይሆን አስተባባሪ የሚጠይቅ ሥራ ነው።

ስለ ወሬም አንድ ነገር ልበል። ግርግር ለሌባ ይመቻል ይላሉ አባቶች። በእኛ ከተማ ደግሞ ግርግሩ የሚነሣው ብዙ ጊዜ ከጥይት በፊት በስልክ ነው። «መጡ» የሚል አንድ መልእክት ይደርሳል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ላሜራው ሁሉ ይወርዳል፤ የገጠሩ ሰው ገበያውን ጥሎ ይሮጣል፤ ሹፌሩ ሳያቆም ያልፋል። ወሬው ሐሰት ቢሆንም እንኳ የዚያ ቀን ገበያ አልቋል። እውነተኛውን ወሬ ከሐሰቱ ለይቶ በአሥር ደቂቃ ውስጥ የሚናገር፣ ሁለቱም ወገን የሚያምነው አንደበት ከተማዋ ያስፈልጋታል። ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም ድምፅ ማጉያ አላቸው። የሁለቱን አባቶች ከአስተዳደሩና ከነጋዴው ጋር በአንድ የስልክ መስመር ማገናኘት ከባድ ሥራ አይደለም።

ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ ልጨምር። በኮሎምቢያ የምትገኘው ሜዴሊን በ1991 እ.ኤ.አ. ከ100,000 ነዋሪዎች 380 ያህሉ በአንድ ዓመት የሚገደሉባት ከተማ ነበረች። ከ2004 እስከ 2007 እ.ኤ.አ. ከንቲባ የነበሩት ሰርሂዮ ፋሃርዶ የሒሳብ ምሁር ናቸው፤ በድሆቹ ተራራማ ሠፈሮች ቤተ መጻሕፍትና ትምህርት ቤት ሠሩ፤ ተራራውን ከመሐል ከተማው የሚያገናኝ የገመድ ትራንስፖርትም በእሳቸው ዘመን ሥራ ጀመረ። ግድያው በብዙ እጥፍ ቀነሰ። ታሪኩ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይቆማል፤ እኔ ግን ቀሪውንም ልንገራችሁ። ግድያው ከቀነሰባቸው ምክንያቶች አንዱ በዚያ ዘመን አንድ የታጠቀ አለቃ ሌሎቹን አሸንፎ ሠፈሮቹን በእጁ ማስገባቱ ነበር። ሕዝቡ ጸጥ ያለው ከፊሉ ተስፋ አግኝቶ፣ ከፊሉ ፈርቶ ነው። ስመ ጥር ከሆኑት ቤተ መጻሕፍት አንዱም በግንባታ ጉድለት በ2015 እ.ኤ.አ. ተዘጋ። ከሜዴሊን የምወስደው ትምህርት ሁለት ነው። የተረሳውን ሠፈር ከመሐሉ ጋር ማገናኘት ይጠቅማል። ዝምታን ከሰላም ጋር ማምታታት ግን ለማንም ከተማ አይበጅም።

አሁን ወደ ሦስተኛው፣ ለእኔም ከሁሉ ወደሚከብደኝ ነገር ደርሻለሁ። የአጣዬ መሐል የማን ነው? ቤቱ የባለቤቱ ነው፤ አስተዳደሩ የከተማው ነው። ገበያው ግን የነዋሪው ብቻ አይደለም። በገበያ ቀን ከሚመጣው ሰው ብዙው ከከተማው ውጭ ነው፤ ከኤፍራታና ግድም ቀበሌዎች፣ ከመንዝ፣ ከአፋር፣ ከጅሌ ጥሙጋ። የአጣዬ ሰው ደግሞ እሑድ ሰንበቴ ገበያ ይወጣል። አንዱ ለሌላው ገዢም ሻጭም ነው። ስለዚህ «ለእኛ ሰዎች ደኅንነት እሠራለሁ» ብሎ የሚጀምር እጩ፣ «እኛ» ያለው እነማንን እንደሆነ መጠየቅ አለበት። የከተማው ሰው ብቻ የሚደፍርበት ገበያ ባዶ ነው። ጎረቤቱ የፈራው ገበያ ውስጥ የማሾ ዋጋ የሚወስን የለም፤ በግ የሚገዛ የለም፤ ሽንኩርቱ ጆንያው ውስጥ ይበሰብሳል።

ይህ አካባቢ ገበያን የመጠበቅ ረጅም ታሪክ አለው። ዑመር ወላስማ በ13ኛው መቶ ዓመት የመሠረተው የይፋት ሱልጣኔት የቆመው ከዘይላ ወደብ ወደ ደጋው በሚወጣው የንግድ መንገድ ላይ ነበር። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ.፣ ከአንኮበር ሥር ባለችው በአልዩ አምባ አማራው፣ አርጎባው፣ አፋሩና ከሐረር የመጣው ነጋዴ ይገበያዩ ነበር። ክርስቲያኑ ንጉሥ የምሥራቁን ጠረፍና የነጋዴውን መንገድ ያስጠበቁት በሙስሊሙ ባላባት በወላስማ መሐመድ ነው። ያን ዘመን ላመሰግን አላነሣሁትም፤ የሰው ልጅ የተሸጠበትም ዘመን ነውና። ያነሣሁት ለአንድ ነገር ነው። ያ ሥርዓት ከመንገዱ ማዶ ያለው ሕዝብ ያልተካፈለበት ጥበቃ ገበያውን እንደማይጠብቅለት ያውቅ ነበር።

ዛሬም መሣሪያው በእጃችን አለ። በወሎና በይፋት አበጋር የምንላቸው አስታራቂዎች ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም ሲያስማሙ ኖረዋል። ለአበጋሮች ትልቅ አክብሮት አለኝ። ግን በግልጽ ልናገር፤ እርቅ ፍርድን አይተካም። ቤት ያቃጠለ፣ ሰው የገደለ፣ ከየትኛውም ወገን ቢሆን፣ በፍርድ ቤት ፊት ሳይቆም «እርቅ ወርዷል» ማለት ተጎጂውን ሁለተኛ መበደል ነው። በሌላ በኩል ፍርድ ብቻውን ጎረቤትን ወደ ገበያ አይመልስም። ጥፋተኛው በስሙ ይጠየቅ፤ ሕዝቡ በሕዝብነቱ አይጠየቅ። ሁለቱን አብሮ መያዝ የሚችል እጩ ካለ እሱ ላይ ነው ተስፋዬ። ተግባሩም ሊታይ የሚችል ነው። የአጣዬና የሰንበቴ ነጋዴዎች፣ አበጋሮችና ሚሊሻ አዛዦች የገበያ ቀን ሳይደርስ ይገናኙ፤ ወደ ገበያ የሚያስገባውን መንገድ ከሁለቱም ወገን የተውጣጡ ሰዎች አብረው ይቁሙበት። በዚያ ቀን የታጠቀ ሰው መሣሪያውን ይዞ ገበያ እንዳይገባም ይስማሙ።

ወደ መጨረሻው ክፍል ደረስን። አንድ የከተማ ምክር ቤት ወይም የወረዳ እጩ በእጁ ምን አለ? መከላከያና ፌዴራል ፖሊስ በእሱ አይታዘዙም። የክልሉ ፖሊስ አለቃው ሌላ ነው። ልዩ ኃይሉም በሚያዝያ 2015 በአዲስ አደረጃጀት ተበትኗል። ስለዚህ «ከእንግዲህ አንዲት ጥይት አትተኮስም» ብሎ የሚምልልን እጩ የሌለውን ሥልጣን እየሰጠን ነው፤ እንዲህ ያለውን ሰው አልመርጥም። በእጁ ያለው ሌላ ነው። የከተማውን በጀት ያጸድቃል። አስተዳዳሪውን አስጠርቶ ይጠይቃል። የመንገድ መብራት፣ የጎርፍ ቦይ፣ የገበያ ሼድ፣ የመናኸሪያና የንግድ ፈቃድ ጉዳይ በእሱ ጠረጴዛ ያልፋል። ካርታው ከቤቱ ጋር የተቃጠለበት ሰው በሰው ምስክርና በጎረቤት ቃል ይዞታው እንዲረጋገጥለት ማድረግ ይችላል። ያ ካርታ ከሌለ ብድር የለም፤ ብድር ከሌለ ብሎኬት የለም። ሱቁ ተዘግቶ በከረመበት ዓመት ነጋዴው የቁርጥ ግብር እንዳይጠየቅ ለክልሉ ሊሟገት ይችላል። ከሁሉ በላይ ሥጋት ሲታይ ለበላዮቹ በጽሑፍ ያስታውቃል፤ ያስታወቀበትን ቀንም ለእኛ ይነግረናል። ከዚያ በኋላ እርዳታ ቢዘገይ የዘገየው ማን ዘንድ እንደሆነ እናውቃለን።

እዚህ ላይ አንድ መራራ እውነት አለ። በሰኔ 14 ቀን 2013 አገሪቱ ስትመርጥ የአጣዬ መሐል ከተቃጠለ 66 ቀኑ ነበር፤ በአገሪቱ ብዙ የምርጫ ክልሎች፣ ከክልላችንም ጭምር፣ በጸጥታ ምክንያት ድምፅ ሳይሰጡ ቀርተዋል። ከዚያም የባሰው የአካባቢ ምርጫ ነው። ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ በስተቀር የቀበሌ፣ የወረዳና የከተማ ምክር ቤቶች በመላ አገሪቱ ለመጨረሻ ጊዜ የተመረጡት በሚያዝያ 2005 ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 50 ሕዝቡ በቀጥታ የሚሳተፍበት ዝቅተኛ የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጠው ያዛል፤ በአንቀጽ 12 ደግሞ ሕዝብ አመኔታ ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው ማንሣት እንደሚችል ይናገራል። ያልመረጥነውን ሰው ግን ከምን እናነሣዋለን? ስለ መብራቱና ስለ ቦዩ የሚጠየቅ ሰው በድምፃችን ሳይመጣ ቆይቷል። እንግዲህ ማንኛውንም እጩ፣ ለክልልም ይሁን ለፓርላማ ይወዳደር፣ ከምንጠይቀው ቃል አንዱ የአካባቢ ምርጫ እንዲካሄድ መሟገት መሆን አለበት።

ቃል ስንቀበልም ቀንና ቦታ እንጠይቅ። «ንግዱን አነሣለሁ» ሳይሆን «ከመናኸሪያው እስከ ገበያው ያለው መንገድ እስከዚህ ወር መብራት ይኖረዋል» ይበለን። «ሰላም አመጣለሁ» ሳይሆን «በየወሩ የመጀመሪያ ገበያ ማግሥት እዚህ አደባባይ ቆሜ ምን እንደሠራሁና ምን እንዳቃተኝ እናገራለሁ» ይበለን። ያቃተውን የሚነግረኝ ሰው ይቅርታ ያገኛል፤ የምጠላው የሚሸሸገኝን ነው። በምግብ ቤቶቹ ደጅ የቆሙትን አውቶቡሶች መቁጠር ደግሞ የእኛ ድርሻ ይሁን።

ብዙ ተናገርኩ፤ የቀረው ጊዜ ለጥያቄ ነው። ከሰንበቴ የመጣችሁ ወንድሞችና እህቶች መኪናችሁ ሳይመሽ መነሣት እንዳለበት ተነግሮኛል፤ ስለዚህ ጥያቄውን ከእናንተ እጀምራለሁ። ከኋላ የተቀመጡት እናት፣ እጅዎን አይቻለሁ፤ ማይኩን ያቀብሏቸው።